ዲስክ ጎልፍን ተመልካች የሚያበዛለት ዩቲዩብ ነው ወይስ ቴሌቪዥን?

ሰንሰለት (ክሩን የከፈተ)፦

ሰላም ወገን። ለአዲስ አንባቢ፦ ዲስክ ጎልፍ ማለት ዲስክ እየወረወሩ በትንሽ ውርወራ ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ነው። "ዲስክ ጎልፍ ቴሌቪዥን ላይ ካልወጣ አያድግም" የሚል ክርክር እዚህ ደጋግሞ ይነሣል፤ ሳይቋጭም ይቀራል። ጉዳዩ ከልቤ ስለሚያሳስበኝ ራሱን ችሎ ይውጣ ብዬ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የኔ አቋም ይህ ነው። ስፖርቱን እዚህ ያደረሰው በነፃ የሚታይ የኢንተርኔት ቪዲዮ ነው። ወደፊትም የሚያሳድገው እሱ ነው። ቴሌቪዥን ቢመጣ እሰየው። ግን ፕሮ ቱሩ፣ ማለትም የባለሙያዎቹን ዋና ውድድሮች የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ያለችውን ገንዘብ ለአየር ሰዓት መግዣ ማዋል የለበትም።

እስቲ ወደኋላ እንሂድ። ኤድ ሄድሪክ ባለሰንሰለቱን ቅርጫት የሠራው በ1970ዎቹ ነው። በ1976 ፒዲጂኤን፣ የባለሙያዎቹን ማኅበር መሠረተ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1982 ተካሄደ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ጥሩ ተጫዋች ማየት የፈለገ ሰው ወይ ውድድሩ ቦታ ድረስ መሄድ ነበረበት፣ ወይ ካሴትና ዲቪዲ መፈለግ። ቴሌቪዥን በዚያ ሁሉ ዘመን ነበር። ዞር ብሎ አላየንም።

ከዚያ በ2010ዎቹ ካሜራ የያዙ የስፖርቱ ወዳጆች ብቅ አሉ። ከነሱ በጣም የታወቀው ጆሜዝ ፕሮ ነው። መሪውን ካርድ፣ ማለትም አብረው የሚጫወቱትን አራት መሪዎች፣ ከመጀመሪያው ቅርጫት እስከ 18ኛው ተከትለው ይቀርጻሉ። ሌሊቱን ሲያቀናብሩ ያድራሉ። በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ ታገኘዋለህ። የሚያወሩበት ጄሬሚ ኮሊንግና ኔት ሴክስተን ራሳቸው ባለሙያ ተጫዋቾች ናቸው፤ ሴክስተን የ2017 የአሜሪካ ሻምፒዮና አሸናፊ ነው። ስለዚህ "ጎበዝ ውርወራ!" ብለው አያልፉም። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ዲስኩ ወደ ቀኝ እንደሚገለበጥ፣ ለዚያም ሲባል ተጫዋቹ ይበልጥ ወደ ግራ የሚያደላውን ዲስክ እንደመረጠ ይነግሩሃል። እኔ ይህን ጨዋታ የተማርኩት ከነሱ ነው። አሰልጣኝ አልነበረኝም። አብረውኝ የሚጫወቱትም እንደዚያው።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። ሰው "ተመልካች" ሲል እግር ኳስ እያሰበ ነው። እግር ኳስ ከሚያየው ሕዝብ ውስጥ የሚጫወተው ትንሹ ነው። ዲስክ ጎልፍን የሚያየው ግን የሚጫወተው ሰው ነው። ያያል፣ ይወጣል፣ ይወረውራል፣ ዲስክ ይገዛል። የስፖርቱ ገንዘብም ከዚያው ከዲስኩ ይመጣል። ተጫዋቹ ፖል ማክቤዝ በ2021 ከዲስክ ሠሪው ኩባንያ ከዲስክራፍት ጋር የ10 ዓመት፣ የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ያ ገንዘብ ከቴሌቪዥን መብት አልተገኘም። ስሙ የተጻፈበትን ዲስክ ሰው ስለሚገዛ ነው። እነዚያ ገዢዎች ማክቤዝን የት አወቁት? ስልካቸው ላይ ነዋ።

አንቴና፦

ወንድሜ ሰንሰለት፣ ጥሩ ክር ከፈትክ። ያልከው ስለትናንቱ ልክ ነው። ስለነገው ግን አልስማማም።

ዩቲዩብ የሚያሳይህ የምትፈልገውን ነው። ትናንት ዲስክ ጎልፍ ካየህ ዛሬም ያመጣልሃል። አይቶት የማያውቅ ሰው ፊት ግን አይመጣም። ስለዚህ እኛው ለኛው ነው የምንተያየው። ቴሌቪዥን ምንም ያልጠየቀ ሰው ቤት ይገባል። ሰውየው ሌላ ጨዋታ ሲጠብቅ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ይሰማና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል። ያ ጥያቄ ነው እኛ የጎደለን።

ሁለተኛ፣ የክብር ጉዳይ አለ። አንድ መናፈሻ ውስጥ 18 ቅርጫት ለመትከል ፈቃድ ስትጠይቅ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ዩቲዩበር አያውቅም። ኢኤስፒኤንን፣ የአሜሪካውን የስፖርት ቴሌቪዥን፣ ግን ያውቃል። ኢኤስፒኤን 2 የፕሮ ቱሩን ሻምፒዮና ተቀናብሮ ሲያሳይ፣ ሲቢኤስ ስፖርትስ ኔትወርክም እንዲሁ ሲያደርግ፣ ያ ነገር ማስረጃ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። የመኪና፣ የባንክ፣ የኢንሹራንስ ስፖንሰርም የሚያየው ይህንኑ ነው። እስከ መቼ ነው ዲስክ የሚሠሩ ኩባንያዎች ብቻ ዲስክ ለሚገዙ ሰዎች የሚያስተዋውቁት?

ሦስተኛ፣ የ2021 የዓለም ሻምፒዮናን አስታውሱ። የጄምስ ኮንራድን ውርወራ ከስፖርቱ ውጭ ላለው ሕዝብ ያደረሰው ማነው? ስፖርትስሴንተር፣ የኢኤስፒኤን የስፖርት ዜና ፕሮግራም። ቴሌቪዥን ማለት ነው።

የግራ እጅ፦

ለማያውቁት፦ ኦግደን፣ ዩታ ነው የሆነው። የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው ቅርጫት። ኮንራድ ከማክቤዝ በአንድ ውርወራ ወደኋላ ቀርቷል። ከ247 ጫማ፣ ማለትም ከ75 ሜትር ገደማ ወረወረ። ገባ። መለያ ጨዋታ ሄዱና በመጀመሪያው ቅርጫት ኮንራድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሕዝቡ እንዴት እንደፈነዳ ለመስማት ብቻ ብሎ ማየት ይገባል።

ሰንሰለት፦

አንቴና፣ የኮንራድን ነገር ማንሳትህ ጥሩ ነው፤ እኔም ላነሣው ነበር። ግን ቅደም ተከተሉን እንየው። የቀጥታ ስርጭቱ የሄደው በዲስክ ጎልፍ ኔትወርክ ነው። የኢንተርኔት ስርጭት ነው። ክሊፑ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቀ፣ በየስልኩ ዞረ። ስፖርትስሴንተር ያሳየው ያንኑ ነው። ሙሉውን ዙር ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ ወዴት ሄደ? ተመልሶ ዩቲዩብ።

ቴሌቪዥን እዚያ ላይ ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ አልክድም። ግን ልብ በሉ፣ የአየር ሰዓት ተገዝቶ አይደለም። ነገሩ ራሱ ዜና ስለሆነ ነው። በ2016ም ተጫዋቹ ፊሎ ብራዝዌይት ኦሪገን ውስጥ ሚሎ ማክአይቨር በሚባለው ሜዳ ላይ፣ አምስት ውርወራ የተመደበለትን ረጅም ቅርጫት በሁለተኛው ውርወራ ሲያስገባ እንዲሁ ሆኗል። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ እዚያ ባይቆም ኖሮ ለቴሌቪዥኑ የሚሰጥ ምስልም አይኖርም ነበር።

ካሜራ ጀርባ፦

እኔ ሥራዬ ቀረጻ ነው። ሌላ ስፖርትም ዲስክ ጎልፍም ቀርጫለሁ። ክርክሩ ላይ ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር ስላለ ልናገር፦ ይህ ጨዋታ ለካሜራ ከባድ ነው።

ዲስኩ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከጎን ሲያዩት ግን ቀጭን መስመር ነው። ከወርዋሪው ጀርባ የቆመ ካሜራማን ከእጅ ሲወጣ ያየዋል፤ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ነጥብ ይሆንበታል። ነጩ ደመና ላይ ይጠፋል፣ አረንጓዴው ዛፍ ላይ። በዚያ ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው በጀርባ ውርወራ (ባክሃንድ) ሲለቀው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ወደ ግራ ይመለሳል። ካሜራማኑ ያንን እጥፋት ቀድሞ ማወቅ አለበት። ጨዋታውን የማያውቅ ጎበዝ ካሜራማን እዚህ ይወድቃል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው ርቀት ነው። ከጀርባ ስታየው ዲስኩ ቅርጫቱ ላይ ያረፈ ይመስላል፤ ለካ 15 ሜትር ቀድሞ ወድቋል። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ቅርጫቱ አጠገብ ይቆማል። እሱም ከቅጠል መሃል የሚወጣውን ዲስክ ሰማይ ላይ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ወርዋሪው መቼ እንደለቀቀ ካልተነገረው አያገኘውም።

በማግስቱ ለሚወጣው ቪዲዮ ይህ ሁሉ ይፈታል። ሁለቱን ካሜራ በትክክለኛው ቅጽበት ታያይዛለህ። የዲስኩን መንገድ በቀለም መስመር ትሥላለህ። ከቅርጫት በፊት የድሮን ምስል ታስገባለህ፣ ተመልካቹ ሜዳውን ከላይ ያያል። የእግር ጉዞውን ትቆርጣለህ። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የፈጀው ዙር ሁለት ክፍል ሆኖ ይወጣል፣ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ።

በቀጥታ ሲሆን ግን ዳይሬክተሩ በግምት ነው የሚቀይረው። ሜዳው ጫካ ውስጥ ስለሆነ ገመድ የለም። ምስሉ የሚላከው ብዙ ሲም ካርድ አንድ ላይ በሚጠቀም፣ ካሜራማኑ ጀርባው ላይ ባዘለው ማስተላለፊያ ነው። ሸለቆ ስትወርድ ኔትወርኩም አብሮ ይወርዳል። እና አንቴና እንዳለው ያ ሌላ ጨዋታ የሚጠብቀው ሰው ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የሚያየው የተቆራረጠ ምስልና ባዶ ሰማይ ከሆነ፣ ጥያቄው "ይሄ ምንድን ነው?" አይሆንም። ሪሞቱን ያነሣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንታይ ደምቀን መታየት አለብን። ይህን ዛሬ የምናደርገው በተቀናበረው ቪዲዮ ነው።

አንቴና፦

ካሜራ ጀርባ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን ኢኤስፒኤን 2 ላይ የወጣውም ተቀናብሮ ነው። ማለቴ፣ ቴሌቪዥን የግድ ቀጥታ ማለት አይደለም። ያንኑ የተዋበ ሥራ ወስደህ ሁለት ሰዓት አድርገህ ብታሳየው ምን ይከፋል?

ጸደይ፦

ሁለት ሰዓት የሚለው ላይ ልግባ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ማስታወቂያ አለ። የጨዋታው ሕግ ማብራሪያ አለ። ከዚያ የወንዶቹ ፍጻሜ፣ ከዚያ የሴቶቹ። ሲካፈል ለሴቶቹ የሚተርፈው ስንት ደቂቃ ነው? ሁልጊዜ ሰዓት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የሴቶች ውድድር ነው፤ በሌላውም ስፖርት ያየነው ነው።

ኢንተርኔት ላይ ግን ሰዓት የሚያጣብብ የለም። የሴቶቹ ሙሉ ዙር፣ 18ቱም ቅርጫት፣ ከወንዶቹ ጎን ለብቻው ይወጣል። ኢስቶኒያዊቷ ክሪስቲን ታታር በ2022ና በ2023 የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ውርወራዋን አንድ በአንድ ነው ያየሁት። ተረጋግታ ስትቆም፣ ከመወርወሯ በፊት እንዴት እንደምትተነፍስ ሳይቀር። ፔጅ ፒርስ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ናት፤ የሷን ረጅም ውርወራ እየመለስኩ እያየሁ ነው የእግር አረማመዴን ያስተካከልኩት። ሁለት ደቂቃ ቅንጭብ ይህን አይሰጠኝም ነበር። አንዲት ልጅ ልትጀምር ስታስብ ልክ እንደሷ ያለች ሴት ሙሉ ዙር ስትጫወት ማየት አለባት።

የግራ እጅ፦

እህት ጸደይ፣ መቶ በመቶ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቪዲዮው ይቆያል። ማክቤዝ በ2018 ግሬት ሌክስ ኦፕን ላይ፣ ቶቦጋን በሚባለው ሜዳ፣ ከተመደበው በ18 ውርወራ ቀንሶ የጨረሰበትን ዙር ሰው ዛሬም ይከፍተዋል። ቴሌቪዥን ላይ ያመለጠህ አመለጠህ ነው።

ጋሽ ነፋሱ፦

ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ስለሆነ ሌላ ስፖርት እንዴት እንዳደገ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ፖከር የሚባለው የካርታ ጨዋታ ቴሌቪዥን ላይ ለረጅም ጊዜ ነበር፤ ማንም አያየውም ነበር። ምክንያቱም የተጫዋቾቹ ካርድ ስለማይታይ ነው። ሰዎች ቁጭ ብለው ይተያያሉ፤ በቃ። በኋላ የተደበቀውን ካርድ ለተመልካች የምታሳይ ትንሽ ካሜራ ጠረጴዛው ላይ መጣች። በ2003 ደግሞ ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ የዓለሙን ውድድር አሸነፈ። ወደ ውድድሩ የገባው በኢንተርኔት ማጣሪያ ተጫውቶ ነበር። ቴሌቪዥን እየደጋገመ አሳየው። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገባ።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር ነው የማየው። አንደኛ፣ ቴሌቪዥን የጠቀመው ጨዋታው ለዓይን ግልጽ ከሆነ በኋላ ነው። ካሜራ ጀርባ ስለ ቀለም መስመሩ ያለው ከዚህ ጋር አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ያየው ሰው በዚያው ምሽት ኮምፒውተሩን ከፍቶ መጫወት ይችል ነበር። ዓይቶ የሚሄድበት ነበረው። ዲስክ ጎልፍን በቴሌቪዥን ያየ ሰውስ? በቅርቡ ሜዳ ካለው ይሄዳል። ከሌለው በማግስቱ ይረሳዋል። ስለዚህ ቴሌቪዥን ወይስ ዩቲዩብ ከማለታችሁ በፊት ሜዳው የት አለ በሉ።

ሰንሰለት፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ ሳልችል የቀረሁትን ነው የተናገሩት።

ሜዳ ባለበት ቦታ ምን እንደሚሆን ለማየት ፊንላንድን መመልከት ይበቃል። አይስላንድ፣ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ከሕዝብ ብዛታቸው አንፃር ብዙ ሜዳ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። አብዛኞቹ ሜዳዎች ሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ያሉ፣ ያለክፍያ የሚጫወቱባቸው ናቸው። የ2025 የዓለም ሻምፒዮና ወደ ፊንላንድ፣ ወደ ታምፔሬ አካባቢ የሄደው በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። እዚያ ተመልካቹ ቲኬት ገዝቶ ገመዱን ተከትሎ ይሰለፋል። መጀመሪያ ሜዳ ነበር፣ ከዚያ ተጫዋች፣ ከዚያ ተመልካች፣ በመጨረሻ ነው ትልቁ ሚዲያ የሚመጣው።

2020ንም አስቡት። በወረርሽኙ ጊዜ አዳራሹ፣ ጂሙ፣ ስታዲየሙ ሲዘጋ ሰው ወደ መናፈሻ ወጣ። ዲስክ አነሣ። ማታ ቤቱ ገብቶ "እንዴት ነው የሚወረወረው?" ብሎ ሲፈልግ የዓመታት ቪዲዮ ተቀምጦ ጠበቀው። የፒዲጂኤ አባላት በ2021 ከ100,000 አለፉ። ቪዲዮው አስቀድሞ ባይኖር ከነዚያ ስንቱ አንድ ሁለት ጊዜ ወርውሮ ይተወው ነበር?

አዲስ ገቢ፦

እኔ እንኳ ገና ጀማሪ ነኝ፤ አስተያየት ለመስጠት ይከብደኛል። ግን ለአንቴና አንድ ነገር ልበል። እርስ በርስ ነው የምትተያዩት ያልከው እኔን አይገልጸኝም። ዲስክ ጎልፍ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። የብሮዲ ስሚዝን የፍሪዝቢ ቪዲዮዎች ነበር የማየው፤ ከሩቅ ወርውሮ የማይሆን ቦታ የሚያስገባቸውን። እሱ ዲስክ ጎልፍ ሲጀምር እኔም አብሬ ሄድኩ። ሲሳሳት፣ ዛፍ ሲመታ፣ ከትልልቆቹ ጋር ተወዳድሮ ሲሸነፍ እያየሁ ነው ሕጉን የለመድኩት። ከዚያ ዩቲዩቡ ራሱ ወደ ሲሞን ሊዞት ወሰደኝ፤ ጀርመናዊው። ከዚያ ወደ ውድድሮቹ።

ውድድር በቴሌቪዥን መጀመሪያ ባይ ኖሮ የምጀምር አይመስለኝም። አራት ጎበዝ ሰዎች ሁሉንም ከቅርብ ሲያስገቡ ቀላል ይመስላል። ከባድነቱን ያሳየኝ ጀማሪው ሰውዬ ነው።

አንቴና፦

አዲስ ገቢ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ለኔ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው የሰጠኸው፤ እቀበላለሁ። ከሌላ ስፖርት የራሱን ሕዝብ ይዞ የሚመጣ ሰው በር ይከፍታል።

ግን አሁን ሰንሰለትን አንድ ልጠይቀው። "በነፃ የሚታይ" ትላለህ። የፕሮ ቱሩ የቀጥታ ስርጭት ከ2020 ወዲህ በአብዛኛው ዲስክ ጎልፍ ኔትወርክ ላይ በክፍያ ነው። ቀድሞ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይታይ ነበር። ታዲያ ራሱ ኢንተርኔቱ ግድግዳ ሠርቶ የለ? ከፍሎ የሚገባ እንግዳ ሰው አለ? የለም። ቢያንስ ቴሌቪዥን በሩን አይዘጋም።

ሰንሰለት፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስ።

ቀጥታ ስርጭት ውድ ነው። ካሜራ ጀርባ እንደነገረን ብዙ ሰው፣ ብዙ ዕቃ፣ ብዙ ኔትወርክ ይፈልጋል። በቀጥታ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል ሰው የስፖርቱ ጽኑ ወዳጅ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ያ ሰው ቢከፍል ፍትሐዊ ነው። እንግዳው ሰው ግን የሚገባበት በር ሌላ ነው፤ እሱም የማግሥቱ ቪዲዮ። ያ በር እስካልተዘጋ ድረስ የቀጥታው ክፍያ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አንድ ቀን አንዱ አለቃ "ነፃው ቪዲዮ የክፍያችንን ተመልካች ይወስድብናል፣ ለአንድ ሳምንት እናዘግየው፣ አሳጥረን እንልቀቀው" ያለ ዕለት ነው። ያ ዕለት አዲስ ገቢን የመሰለ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። ገንዘብ ባገኝ ዓመቱን ሙሉ ለዚያ ለነፃው ቪዲዮ ቀራጮች ነው የምሰጠው። የሴቶቹን መሪ ካርድ በሙሉ ጥራት፣ ሁለተኛውን የወንዶች ካርድ ደግሞ በተጨማሪ ብናገኝ ምን ያህል ሰው ይጠቀም ነበር!

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ዙር በቀጥታም በነፃ አሳይ ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ የሚያጓጓው ሰው በራሱ ፈቃድ ይከፍላል።

ካሜራ ጀርባ፦

የአየር ሰዓት መግዛት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ስላለ ጥቂት ልበል። ትልልቆቹ ስፖርቶች ጣቢያው ይከፍላቸዋል። ለትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ስፖርቱ ለጣቢያው ከፍሎ ሰዓቱን ይወስዳል፣ ፕሮግራሙን በራሱ ወጪ ይሠራል፣ ከዚያ ማስታወቂያ ፈልጎ ገንዘቡን ለመመለስ ይሞክራል። የሚሰጠውም ሰዓት ማንም የማይፈልገው ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ማን እንዳየው፣ የት ላይ እንደተወው አታውቅም። ዩቲዩብ ግን ሰው በየትኛው ደቂቃ እንደወጣ ይነግርሃል። እኛ ረጅም የመግቢያ ወሬ የተውነው በዚያ ምክንያት ነው። ሰው የመጀመሪያውን ውርወራ ሳያይ ይወጣ ነበር።

ይህ ማለት ግን ቴሌቪዥን ቢጠራን አንሂድ ማለት አይደለም። ጣቢያው ራሱ "ስጡን" ብሎ ከመጣ ያንኑ ቀረጻ አሳጥሮ መስጠት ነው። አዲስ ወጪ የለውም።

አንቴና፦

እሺ፣ በዚህ ልዩነታችን ጠቧል። ከፍሎ ለመግባት አልሟገትም። ግን የመናፈሻውን ኃላፊና የውጭውን ስፖንሰር ጉዳይ ማንም አልመለሰልኝም። የእይታ ቁጥር ይዘህ ብትሄድ "ይህ ሁሉ ሰው ዓለም ላይ ተበትኖ ነው ያለው፣ እኔ ሰፈር ስንት አለ?" ይሉሃል።

ጸደይ፦

አንቴና፣ ለመናፈሻው ኃላፊ ከቴሌቪዥንም ከዩቲዩብም የሚበልጥ ማስረጃ አለ፦ ራሱ ተጫዋቹ። ሜዳ ለመጠየቅ ከሄደ ቡድን ጋር አብሬ ነበርኩ። ኃላፊዋ ስለ ኢኤስፒኤን አልጠየቀችንም። የጠየቀችው ዲስክ የእግረኛ መንገድ ላይ ይወድቃል ወይ፣ ዛፍ ይቆረጣል ወይ፣ ሣሩን ማን ያጭዳል፣ ሕፃናትና አዛውንት ይጫወታሉ ወይ ነው። ስልኬን አውጥቼ የድሮን ምስል ያለበትን አንድ ቪዲዮ አሳየኋት። ቅርጫቶቹ በዛፎቹ መሃል እንዴት እንደሚቀመጡ፣ የመወርወሪያው ንጣፍ ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ አየች። ከዚያ በኋላ ነው ካርታ ዘርግታ ማውራት የጀመረችው።

ስለ ስፖንሰሩ ግን እውነት አለህ። የመኪናና የባንክ ገንዘብ በዲስክ ተጫዋች ብቻ አይመጣም። እዚያ ላይ ቴሌቪዥን ሊያግዝ ይችላል።

ጋሽ ነፋሱ፦

የውጭ ስፖንሰር ስትፈልጉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ባንኩ በአንድ ዓመት ይመጣል፣ በአንድ ዓመት ይሄዳል። ዲስክ ሠሪው ግን ጨዋታው ከሌለ ራሱም የለም። ከሁለቱ በማን ላይ እንደምትቆሙ አስቡበት።

አዲስ ገቢ፦

አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ታላቅ ወንድሜ ቴሌቪዥን እንጂ ዩቲዩብ ብዙም አያይም። ስፖርት ግን ይወዳል። አንድ ቪዲዮ ብቻ ላሳየው ብል የቱን ትመርጡልኛላችሁ? ሙሉ ዙር ይሰለቸው ይሆን?

ካሜራ ጀርባ፦

ዛፍ የበዛበትን ሜዳ ምረጥ። ክፍት ሜዳ ላይ ሁሉም ውርወራ አንድ ይመስለዋል። ጠባብ የዛፍ መተላለፊያ ሲያይ ግን አደጋው ራሱ ይናገራል። ቴሌቪዥኑ ኢንተርኔት የሚይዝ ከሆነ ዩቲዩቡን እዚያው ክፈትለት፤ በትልቁ ስክሪን የዲስኩ መታጠፍ በደንብ ይታያል።

ሰንሰለት፦

የ2021ን የዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻ ዙር፣ ሁለተኛውን ክፍል፣ ከ10ኛው ቅርጫት ጀምሮ ያለውን አሳየው። ማን እንዳሸነፈ አትንገረው። ከዚያ በሚቀጥለው ቀን ሜዳ ይዘኸው ውጣ። ሦስት ዲስክ ይበቃችኋል፦ አንድ ለረጅም፣ አንድ ለመካከለኛ፣ አንድ ለማስገቢያ። ለመጀመሪያ ቀን ረጅሙን ባይነካው ይሻላል፤ ፈጣን ዲስክ ለጀማሪ ወዲያው ወደ ግራ ይወድቅበታል። ምን እንዳለ ተመልሰህ ጻፍልን።

የግራ እጅ፦

ግራኝ ከሆነ ወደ ቀኝ ነው የሚወድቅበት። ቪዲዮ ሲያይ ገልብጦ ያስበው፤ እኔ እንደዚያ ነው የተማርኩት።